ከኮንሰርት ፒያኒስት ጋር በኦንላይን ፒያኖ መማር፦ ሐዋሳ ላይ ሁሌ የምጠየቃቸው ጥያቄዎች

ፒያኖ የምማረው ሳሎኔ ውስጥ ነው። አስተማሪዬ ግን አውሮፓ ነው ያለችው፤ እንጀራዋ ኮንሰርት መጫወት ነው። ይህን የሰማ ሁሉ ይጠይቀኛል። ቸርች ደጃፍ ላይ ይጠይቁኛል፣ አሞራ ገደል ዓሣ እየበላን ይጠይቁኛል፣ በቴሌግራም ይጠይቁኛል። ጥያቄው ስለሚደጋገም መልሱን አንድ ቦታ ላስቀምጠው ብዬ ነው። ሁለት ዓመት የተማርኩ ተማሪ ነኝ እንጂ ባለሙያ አይደለሁም፤ እንደዚያ አድርጋችሁ አንብቡት።

ኮንሰርት ፒያኒስት ማለት ምን ማለት ነው? ከፒያኖ አስተማሪ በምን ይለያል?

ሥራው መድረክ ላይ መጫወት የሆነ ሰው ነው። አብዛኞቹ በልጅነታቸው ጀምረው ኮንሰርቫቶሪ (ከፍተኛ የሙዚቃ ትምህርት ቤት) ድረስ የዘለቁ ናቸው። ረጅም ዝግጅት ኖታ ሳያዩ፣ በቃላቸው ይጫወታሉ። ከእኛ አገር ግርማ ይፍራሸዋን ማንሳት ይቻላል፤ ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ከተማረ በኋላ ቡልጋሪያ፣ ሶፊያ ሄዶ ያጠና ኮንሰርት ተጫዋች ነው። ሰው ቶሎ የሚጠራልኝ ግን እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩን ነው። «እንደ እማሆይ ልትሆን ነው?» ይሉኛል። እማሆይ መጋቢት 2015 ዓ.ም. በ99 ዓመታቸው ኢየሩሳሌም ውስጥ ያረፉ ፒያኒስትና የዜማ ደራሲ ነበሩ፤ ኑሯቸው ግን ገዳም ነበር እንጂ የኮንሰርት መድረክ አልነበረም።

አንድ ነገር ቀድሜ ልበል። ጎበዝ ተጫዋች ሁሉ ጎበዝ አስተማሪ አይደለም። አንዳንዱ እጁ ላይ ያለውን ነገር እንዴት እንዳገኘው ራሱ ረስቶታል።

ከዜሮ ነው የምጀምረው። በቀጥታ ከኮንሰርት ፒያኒስት ጋር ልጀምር?

ትችላላችሁ፤ ግን አትጀምሩ። የዚህ ጽሑፍ ዋና ሐሳቤም ይኸው ነው። እጅን የሚያስተካክል ሰው አጠገብ መሆን አለበት። ጆሮን የሚያሠለጥን ሰው የትም ቢሆን ይችላል።

ከራሴ ልንገራችሁ። ስጫወት የእጄ አንጓ ከፒያኖው ጠርዝ በታች ይወርድ ነበር። አስተማሪዬ ሦስት ክፍለ ጊዜ ሙሉ «አንጓህን ከፍ፣ ትንሽ ከፍ፣ አይ በዛ» ስትል ቆየች። እኔ ከፍ ሳደርግ ትከሻዬ አብሮ ይወጣል። እሷ በስክሪኑ ትከሻዬን አታይም። አንድ ቀን እዚሁ ከተማ ሙዚቃ የሚያስተምር ወዳጄ ቤት መጣ። ምንም አላለም። መዳፉን ከአንጓዬ ሥር አስገባና ትንሽ ወደ ላይ ያዘው። ሌላኛው እጁን ትከሻዬ ላይ ጣለው። ሁለት ሰከንድ ቢሆን ነው። ገባኝ።

ስለዚህ የመጀመሪያውን ዓመት፣ ቢያንስ ስድስት ወር፣ አጠገባችሁ ከሚቀመጥ አስተማሪ ጋር ሁኑ። ሐዋሳ ውስጥ ኪቦርድ የሚያስተምር ሰው አይጠፋም። ኖታ ማንበብና ስኬል (ድምፆችን በቅደም ተከተል መውጣትና መውረድ) እዚሁ ይያዛል። ለዚያ በዶላር መክፈል ብክነት ነው።

ታዲያ አዲስ አበባ እየተመላለስክ ለምን አትማርም?

275 ኪሎ ሜትር ነው። በየሳምንቱ? ሥራስ?

ቸርች ውስጥ ኪቦርድ እጫወታለሁ። ይጠቅመኛል ወይስ ይጎዳኛል?

ሁለቱም። እኔም የመጣሁት ከዚያ ነው።

የመጀመሪያው ቀን አስተማሪዬ «ዲ ሜጀር ስኬል አሰማኝ» አለችኝ። ቸርች ያደገ ኪቦርዲስት ምን እንደሚያደርግ ታውቃላችሁ። ትራንስፖዝ የሚለውን፣ የኪቦርዱን ድምፅ በሙሉ ከፍ ዝቅ የሚያደርገውን ቁልፍ ሁለት ጊዜ ጫን አደረግኩና በነጭ በነጩ ሲ ሜጀሬን ተጫወትኩ። የሚሰማው ድምፅ ዲ ሜጀር ነው። እሷ ዝም አለች። ፊቷን ወደ ስክሪኑ አስጠጋች። «ጆሮዬ ዲ ይሰማል፣ ዓይኔ ሲ ያያል» አለች። ዲ ሜጀር ሁለት ጥቁር ቁልፍ አለበት፤ ኤፍ ሻርፕና ሲ ሻርፕ። እኔ አንዱንም አልነካሁም። ትራንስፖዝ ምን እንደሆነ ሳስረዳት ሳቀች፤ ከዚያ «በቁልፉ ላይ ፕላስተር ለጥፍበት» አለችኝ። ለጥፌበታለሁ። ዛሬም አለ።

ጥቅሙ ግን ትልቅ ነው። የቸርች ልጅ ጆሮ አለው። ዘማሪ መሃል ላይ ዜማውን ከፍ ወይም ዝቅ ሲያደርግ ተከትሎ የሚሄድ ሰው፣ ኮርድ (አብረው የሚነኩ ድምፆች) ሲቀየር ቀድሞ ይሰማዋል። ይህን ኮንሰርቫቶሪ የገቡ ሁሉ የላቸውም፤ ራሷ ናት ያለችኝ።

በነገራችን ላይ ቅኝታችሁን አትደብቁ። አንድ ጊዜ ጣቴን ለማሟሟቅ ከኤፍ ሻርፕ ጀምሬ አምስቱን ጥቁር ቁልፎች ብቻ ስነካካ «ይሄ ምንድነው?» ብላ አስቆመችኝ። ትዝታ ነው አልኳት። በጥቁር ቁልፍ ብቻ ሙሉ ትዝታ ይወጣል፤ ሕፃን ልጅ ቢያስነኩት ያምራል። በሚቀጥለው ሳምንት የማሟሟቂያ ልምምዴን በእሱ ላይ ሠርታልኝ መጣች።

የግድ እውነተኛ ፒያኖ መግዛት አለብኝ?

የለባችሁም። እንዲያውም ሐዋሳ ላይ አልመክርም። እውነተኛው ፒያኖ ውስጥ 230 ገደማ ክሮች አሉ፣ የሚመታቸው መዶሻ አለ፣ ብዙው እንጨት ነው። እንጨት እርጥበት ሲመጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል። ክረምትና በጋ በተፈራረቁ ቁጥር ቅኝቱ ይዛባል፤ ቃኚ መጥራት አለባችሁ። ቃኚው ደግሞ ከአዲስ አበባ ነው የሚመጣው። አንድ ሆቴል ሎቢ ውስጥ የቆመ ፒያኖ ነክቼ አውቃለሁ። መሃል ላይ ያሉት ሦስት ቁልፎች እንደ ተሰነጠቀ ብርጭቆ ነው የሚጮኹት። ሰው የአበባ ማስቀመጫ አድርጎታል።

የሚበቃችሁ ዲጂታል ፒያኖ ነው፤ ሁለት ነገር ካሟላ። አንደኛ 88 ቁልፍ ይኑረው፤ 52 ነጭና 36 ጥቁር። ሁለተኛ ቁልፉ ክብደት ይኑረው፣ ማለትም ስትጫኑት መዶሻ የሚያነሳ ያህል ይሰማችሁ። ያማሃ፣ ሮላንድ፣ ካሲዮ፣ ካዋይ ሁሉም አላቸው። 61 ቁልፍ ያለው ላስቲክ ላስቲክ የሚል ኪቦርድ ለጥቂት ወራት ይሆናል። ከዚያ በኋላ አስተማሪያችሁ «ቀስ ብለህ ንካው» ስትል ቀስ የሚባል ነገር ከውስጡ አይወጣም።

ያገለገለ ስትገዙ 88ቱንም አንድ በአንድ ንኩ። በቀስታ ንኩ፣ ከዚያ በኃይል ንኩ። አንዱ ብቻውን ከጮኸ ወይም ከደነዘ ዋጋ ይቀነስ፣ ወይም ተዉት። ፔዳሉ አብሮ መኖሩን ጠይቁ። ሻጩ «ፔዳል አያስፈልግም» ካላችሁ ፒያኖ አያውቅም ማለት ነው።

ወንበር አትርሱ። ክርናችሁ ከቁልፉ ጋር እኩል መሆን አለበት። የኔ የምግብ ጠረጴዛ ወንበር አጭር ስለሆነ ጋቢ አራት እጥፍ አድርጌ ነው የምቀመጥበት።

ኔትወርኩ ይችለዋል?

ይችለዋል፤ ግን ምን እንደማይችል ማወቅ አለባችሁ። አብራችሁ መጫወት አትችሉም። ድምፅ ከዚህ እዚያ እስኪደርስ ይዘገያል፤ ለወሬ የማይታወቅ መዘግየት ለሙዚቃ ገደል ነው። እሷ ትጫወታለች፣ እኔ እሰማለሁ። እኔ እጫወታለሁ፣ እሷ ትሰማለች። ተራ በተራ ነው።

ሌላው የብዙ ሰው ችግር ይሄ ነው፦ «ድምፄ ይቆራረጣል፣ ኔትወርኩ ነው»። ብዙ ጊዜ ኔትወርኩ አይደለም። የምንማርበት የቪዲዮ ጥሪ መተግበሪያ፣ ዙም፣ የተሠራው ለሰው ንግግር ነው። ረዝሞ የሚቆይ የፒያኖ ድምፅ ሲሰማ እንደ ማራገቢያ ጩኸት ይቆጥረውና ያጠፋዋል። ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ፣ ኦዲዮ የሚለው ሥር «ኦሪጅናል ሳውንድ ፎር ሙዚሺያንስ» የሚለውን አብሩ። ክፍሉ ሲጀመር ስክሪኑ ላይም ይህ ምርጫ እንደበራ እዩ። እኔ ይህን ሳላውቅ አንድ ወር ሙሉ «ለምን ድምፁን ትቆርጠዋለህ?» ስባል ነበር። የምቆርጠው እኔ አልነበርኩም።

ዳታው እንደ ምስሉ ጥራት በሰዓት ከግማሽ ጊጋ እስከ 1 ጊጋ ተኩል ይበላል። የነፃው ዙም ደግሞ 40 ደቂቃ ላይ ይዘጋል። ብዙ አስተማሪዎች የሚከፈልበት ስላላቸው እነሱ ይክፈቱት። እናንተ ኢርፎን አድርጉ፤ አለበለዚያ የእሷ ድምፅ ተመልሶ ወደ እሷ ይሄዳል። ቤት ዋይፋይ ካለ ሌላው ሰው ለ45 ደቂቃ ቪዲዮ እንዳያይ ለምኑት። ለምኑት ያልኩት ትእዛዝ ስለማይሠራ ነው።

መብራት ቢጠፋስ?

ይጠፋል። የኔ ፒያኖ በ12 ቮልት አዳፕተር ስለሚሠራ ሰው ለዋይፋይ የሚገዛትን ትንሿን ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ኃይል የምትሰጥ ባትሪ) ገዛሁ። እናንተ ከመሰካታችሁ በፊት ከፒያኖው ጀርባ የተጻፈውን ቮልቴጅና የመሰኪያውን ዓይነት አመሳክሩ። የተሳሳተ ነገር ሰክቶ ያቃጠለ ሰው አውቃለሁ።

ዋናው ግን ስምምነት ነው። ብዙ አስተማሪዎች ከ24 ሰዓት በፊት ካልነገራችኋቸው ክፍያው አይመለስም ይላሉ። መብራት ደግሞ 24 ሰዓት ቀድሞ አይነግራችሁም። ከመጀመሪያው አስረዱ። እኛ የተስማማነው እንዲህ ነው፦ መብራት ከሄደ፣ ሲመጣ የሠራሁትን በስልክ ቀርጬ በቴሌግራም እልካለሁ። እሷ ሰምታ በድምፅ መልእክት ትመልሳለች። እውነቱን ለመናገር ከእነዚህ የድምፅ መልእክቶች አንዳንዶቹ ከቀጥታው ክፍል ይበልጡብኛል። አሥር ጊዜ እሰማቸዋለሁ።

ካሜራው የት ይቀመጥ?

በቀኝ በኩል፣ ከቁልፉ ትንሽ ከፍ ብሎ፣ ከጣት እስከ ክርን (ከተቻለ ትከሻም) እንዲያሳይ። ስልክ ይበቃል፤ በአግድሙ ይቁም። እኔ መጀመሪያ ረከቦት ላይ አስደግፌው ነበር። ወፈር ያለ ኮርድ ስመታ ረከቦቱ ተንቀጠቀጠና ስልኩ በግንባሩ ተደፋ። አስተማሪዬ የሳሎን ምንጣፌን ያየችው ያን ቀን ነው። ስታንድ ግዙ።

ሰዓቱን እንዴት ትስማማላችሁ?

ከሁሉም የባሰኝ ይሄ ነው። ሁለተኛው ክፍላችን ላይ «ማክሰኞ በአንተ 7 ሰዓት» ብላ ጻፈችልኝ። ከሥራ አስፈቅጄ፣ ምሳ ሳልበላ፣ ቀን 7 ሰዓት ላይ ፒያኖው ፊት ተቀመጥኩ። የመጣ የለም። አርባ ደቂቃ ጠብቄ፣ ተቀይሜ ተነሳሁ። ማታ 1 ሰዓት ላይ ከጓደኞቼ ጋር ዓሣ ሾርባ እየጠጣሁ ስልኬ ጮኸ። ለካ የእሷ 7 ሰዓት የኛ ማታ 1 ሰዓት ነው። ክፍያው ሄደ።

ከዚያ ወዲህ እኔ ራሴ «ከምሽቱ 1 ሰዓት፣ በእናንተ አቆጣጠር 19:00» ብዬ ነው የምጽፈው። ሌላም ወጥመድ አለ። አውሮፓውያን በእነሱ መጋቢት የመጨረሻ እሑድ ሰዓታቸውን አንድ ሰዓት ወደፊት ይገፉታል፤ በጥቅምታቸው የመጨረሻ እሑድ ይመልሱታል። እኛ ዝንፍ አንልም። ስለዚህ እሷ ሳትነቃነቅ ክረምቷ ላይ ማታ 1 ሰዓት የነበረው ክፍሌ፣ በጋዋ ላይ 12 ሰዓት ይሆናል። በካላንደራችሁ ላይ ምልክት አድርጉ።

ስንት ያስከፍላል? እንዴትስ ይከፈላል?

ርካሽ አይደለም። በሰዓት ከ40 ዶላር በታች የጠየቀኝ ኮንሰርት ተጫዋች አልገጠመኝም፤ ከዚያ እጥፍ የጠየቀኝ ግን አለ። ለዚህ ነው በየሳምንቱ የማልማረው። በወር ሁለት ጊዜ፣ ለ45 ደቂቃ። በመሃል ያለው ሳምንት ለልምምድ ነው። አልጎደለብኝም።

አከፋፈሉ ከበፊቱ ቀሏል። ሐምሌ 2016 ላይ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ምንዛሪው ጨምሯል፤ ክፍያውም በብር ሲታሰብ ወደ ላይ ወጥቷል። በሌላ በኩል ለኦንላይን ክፍያ የሚሆን ካርድ የሚሰጡ ባንኮች አሉ፤ ባንካችሁን ጠይቁ፣ ኮሚሽኑንም አብራችሁ ጠይቁ። ውጭ ያለ ወንድም ወይም እህት ለልደት ስጦታ ብሎ የሁለት ወር ቢከፍልላችሁም አይከፋም።

አሥር ክፍል ቀድማችሁ አትክፈሉ። እኔ ከዚህች አስተማሪ በፊት በአንድ ድረ ገጽ በኩል ቀድሜ ከፍዬ ነበር። ስሙን ተዉት። ሁለት ክፍል ከተማርኩ በኋላ አስተማሪውን ቀየሩብኝ፤ ገንዘቤን ስጠይቅ «ፖሊሲያችንን ያንብቡ» የሚል መልስ መጣ። አነበብኩት። እነሱ ልክ ነበሩ። አንድ የሙከራ ክፍል፣ ከዚያ አንድ በአንድ።

እንግሊዝኛዬ ደካማ ነው።

አትጨነቁ። ጣቶች በቁጥር ነው የሚጠሩት፤ አውራ ጣት 1፣ ትንሿ ጣት 5። ኖታው ላይ ያለው ቃል ደግሞ ጣሊያንኛ ነው፤ ለእሷም ባዕድ ነው። ፎርቴ ጠንከር፣ ፒያኖ ለስለስ ማለት ነው። የመሣሪያው ስምም ከዚያ ነው የመጣው፤ ክሪስቶፎሪ የተባለው ጣሊያናዊ በ1700 እ.ኤ.አ. ገደማ ሲሠራው አዲሱ ነገር ለስላሳም ጠንካራም መጫወት መቻሉ ነበር። ሌላው በእጅና በማንጎራጎር ይግባባል።

ያስቸገረኝ አጠራሩ ነው። «በስሜ ጥራኝ» አለችኝ። አስተማሪን በባዶ ስም? አፌ አልታዘዝ አለኝ። «ቲቸር» እላታለሁ። ለምዳዋለች።

ክፍሉ ውስጥ በትክክል ምን ትሠራላችሁ?

ሰው የሚጠብቀው ፈጣን ጣት ነው። እኔም ያንኑ ጠብቄ ነበር። አንድ ቀን 45ቱን ደቂቃ አራት ባር ላይ ጨረስነው። አራት ባር ማለት ወደ አሥር ሰከንድ የሚሆን ሙዚቃ ነው።

መጀመሪያ አንድ ቁልፍ ብቻ እንድነካ ነገረችኝ። «ነክተህ ያዘው። እስኪጠፋ ስማው።» ያዝኩት። ውጭ ባጃጅ አለፈ። የጎረቤት ልጅ ተጣራ። ድምፁ አሁንም አለ፣ ቀጥኗል፣ ግን አለ። እጄን ላነሳ ስል «ገና ነው» አለችኝ። እሷ አውሮፓ ሆና ይሰማታል፣ እኔ ሐዋሳ ፒያኖው ላይ ተቀምጬ ትቼዋለሁ። ያፈርኩት ያኔ ነው።

ከዚያ አስረዳችኝ። ማሲንቆ አንድ ድምፅ ከጀመረ በኋላ ሊያሳድገው ይችላል፤ ደጋኑ ስለሚጎተት። ፒያኖ አይችልም። መዶሻው ከመታ በኋላ ድምፁ መሞት ብቻ ነው የሚያውቀው። (ማሲንቆውን ያመጣሁት እኔ ነኝ፤ እሷ ያለችው ቫዮሊን ነው።) ስለዚህ ዜማ እንዲቀጥል ከፈለግህ፣ ቀጣዩን ድምፅ የምትነካው የፊተኛው በጀመረበት ኃይል ሳይሆን አሁን በደረሰበት ኃይል ነው። አሁን ስንት ቀርቶታል? እዚያ ላይ ቀጥል። ሁለት ድምፅ፣ ሦስት ድምፅ፣ እንደዚህ እያደረግን አራት ባር ደረስን።

በሚቀጥለው ክፍል ፔዳል። እኔ ኮርድ ሲቀየር እግሬንና እጄን እኩል ነበር የማሳርፈው። ልክ አይደለም። እጅ አዲሱን ኮርድ ሲነካ እግር ይነሳል፤ እግር ተመልሶ የሚወርደው ከእጅ በኋላ፣ ቅንጣት ዘግይቶ ነው። አለበለዚያ አሮጌው ኮርድ ከአዲሱ ጋር ይቦካል። ለዚህ ሁለት ሳምንት ፈጀብኝ።

ይህን ነው እዚህ ያላገኘሁት። ጣት የሚያስተምረኝ አግኝቼ ነበር።

በቀን ስንት ሰዓት ትለማመዳለህ?

ሠላሳ፣ አርባ ደቂቃ። በየቀኑ። ቅዳሜ አራት ሰዓት ተቀምጦ ሌላውን ቀን መዝለል አይሠራም፤ ሞክሬዋለሁ። ግራ እጅ ለብቻ፣ ቀኝ እጅ ለብቻ፣ ቀስ ብሎ። ማታ በኢርፎን ነው፤ አከራዬ «ልጄ፣ አንዷን መዝሙር መቼ ነው የምትጨርሳት?» ብለው ከጠየቁኝ ወዲህ።

ልጄ 7 ዓመቱ ነው። በኦንላይን ይማር?

ስለ ልጆች ያየሁት የእህቴን ልጅ ብቻ ነው። ስክሪን ፊት ከ20 ደቂቃ በላይ አልተቀመጠም። እዚሁ አስተማሪ ፈልጉለት። እግሩ መሬት ካልነካ ከሥሩ ዱካ አድርጉለት።

ሰርተፍኬት ይሰጣል?

እሷ አትሰጥም። ሰርተፍኬት ለሚፈልግ ኤቢአርኤስኤም የሚባለው የእንግሊዝ ተቋም ከ1 እስከ 8 ደረጃ ያለው ፈተና አለው፤ ከ2020 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አራት የሙዚቃ ሥራ በቪዲዮ ቀርጾ በመላክ መፈተን ይቻላል።

ጥሩውን እንዴት እለያለሁ?

የእሷን ኮንሰርት ብቻ አትዩ፤ የተማሪዋን ቪዲዮ ጠይቁ። መካከለኛ ተማሪዋ እንዴት እንደሚጫወት እዩ። የኮንሰርት ጉዞ ሲኖር ክፍሉ ምን እንደሚሆን ጠይቁ፤ የኔዋ አንዳንዴ ሦስት ሳምንት ትጠፋለች። በሙከራው ክፍል ደግሞ ቁጠሩ፦ እሷ ስንት ደቂቃ ተጫወተች፣ እናንተስ?

ሰው ፊት ተጫውተህ ታውቃለህ?

አንድ ጊዜ። ሰኔ ላይ ተማሪዎቿን ሁሉ በዙም ሰበሰበችን፤ ከየአገሩ ነው። ሁለት ደቂቃ የምትሆን ሥራ ተጫወትኩ። ሁለተኛው መስመር ላይ ተሳሳትኩ፣ ቀጠልኩ። ስጨርስ ሁሉም አጨበጨቡ፤ ማይካቸውን ስላጠፉ ግን ድምፅ የለም፣ እጆች ብቻ ይንቀሳቀሳሉ። አከራዬ ከበረንዳው ሆነው «ጨረስካት?» አሉኝ። ጨረስኳት አልኳቸው። «ጎሽ። ና ቡና ደርሷል።»